ረግረጋማ መሬትና የወንዝ ዳርቻ በየትኛው የአመዳደብ ሥርዓት ይቆጠር? ለክፍለ ግዛት የጥበቃ ዕቅድ የቀረበ ንጽጽር

በዩናይትድ ስቴትስ የአንድ ክፍለ ግዛት ባለሙያዎች ረግረጋማ መሬቶችንና የወንዝ ዳርቻዎችን ለመቁጠር ሲነሡ፣ የመጀመሪያው መስመር በካርታው ላይ ከመሠመሩ በፊት በየትኛው የአመዳደብ ሥርዓት እንደሚሠሩ መወሰን አለባቸው። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ እንደ ቴክኒክ ጉዳይ ተቆጥሮ ለካርታ ክፍሉ ይተዋል፤ ውጤቱ ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። በምደባው ውስጥ ስም ያልተሰጠው መኖሪያ ስፍራ በቆጠራው አይታይም፤ በቆጠራው ያልታየውም በዕቅዱ ቦታ፣ በበጀቱም ገንዘብ አያገኝም። ስለዚህ አማራጮቹን ከነጥንካሬያቸውና ከነጉድለታቸው ማወዳደር ለዕቅድ አውጪው የመጀመሪያ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ ከ2023 ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳኬት መዝገብ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የፌዴራሉ የንጹሕ ውሃ ሕግ የሚጠብቃቸው ረግረጎች በአንጻራዊነት ቋሚ ከሆኑ የውሃ አካላት ጋር በገጸ ምድር ላይ ያልተቋረጠ ግንኙነት ያላቸው ብቻ እንዲሆኑ ተደርጓል። ከወንዝ ተነጥለው በሜዳ መካከል ያሉ ኩሬዎችና በተራራ ጥግ የሚመነጩ ረግረጎች፣ ክፍለ ግዛቱ ራሱ ካልጠበቃቸው በቀር፣ በአብዛኛው ጠባቂ የላቸውም። እንዲህ ያሉት ቦታዎች የት እንዳሉ፣ ስንት እንደሆኑና ምን ዓይነት እንደሆኑ የሚነግር ቆጠራ የሌለው ክፍለ ግዛት ደግሞ ምን እያጣ እንደሆነ እንኳ ሊያውቅ አይችልም። ከ1780ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ አላስካንና ሃዋይን ሳይጨምር የቀሩት 48 ክፍለ ግዛቶች ከረግረጋማ መሬታቸው ከግማሽ በላይ አጥተዋል። ግምቱ በካሊፎርኒያ 91 በመቶ፣ በኦሃዮ 90 በመቶ፣ በአዮዋ 89 በመቶ ሲሆን በሞንታና ደግሞ 27 በመቶ ነው። ይህ ልዩነት ራሱ ለምርጫው ትርጉም አለው፤ አሥረኛው እጅ ብቻ የቀረለት ክፍለ ግዛት በዋናነት የሚፈልገው መልሶ ሊቋቋም የሚችለውን ቦታ ማወቅ ሲሆን፣ አብዛኛው ያልጠፋበት ክፍለ ግዛት ደግሞ ያለውን በጥራት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ሌላው መነሻ የክፍለ ግዛቶቹ የዱር እንስሳት የድርጊት መርሐ ግብር ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት በ2000 ባቋቋመው የድጋፍ ፕሮግራም ተጠቃሚ ለመሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት እስከ 2005 መርሐ ግብሩን እንዲያቀርብና ቢያንስ በየአሥር ዓመቱ እንዲከልሰው ተደርጓል። መርሐ ግብሩ ሊያሟላቸው ከሚገቡት ስምንት ነጥቦች አንዱ፣ ጥበቃ ለሚያስፈልጋቸው ዝርያዎች ቁልፍ የሆኑት መኖሪያ ስፍራዎች የሚገኙበትን ቦታና ያሉበትን ሁኔታ እንዲገልጽ ይጠይቃል። ቦታውንና ሁኔታውን አንድ ላይ የሚመልስ አንድም የአመዳደብ ሥርዓት የለም፤ የንጽጽሩ አስፈላጊነትም ከዚህ ይጀምራል።

ከምርጫው በፊት፦ ረግረግ የሚባለው ምንድን ነው?

በሥራ ላይ ያሉት ትርጉሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሆነው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ለቆጠራ የሚጠቀምበት ትርጉም ከሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ውሃ ወዳድ ከሆኑ ዕፅዋት፣ በውሃ መሞላት ከተለወጠ አፈርና መሬቱን ከሚሸፍን ወይም ከሚያረካ ውሃ፣ ቢያንስ አንዱ መገኘቱን በቂ ያደርጋል። የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ በ1987 ያወጣው የድንበር ማካለያ መመሪያ ግን በመደበኛ ሁኔታ ሦስቱም አንድ ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። ስለዚህ በቆጠራ ካርታ ላይ ረግረግ ተብሎ የተመዘገበ ቦታ በሕግ ፊት ረግረግ ላይሆን ይችላል፤ በካርታው ላይ የሌለውም በሕግ የሚጠበቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለጥበቃ ዕቅድ ሰፋ ያለውን የቆጠራ ትርጉም መያዝ ይሻላል፤ ዕቅድ ፈቃድ መስጫ አይደለምና፣ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚረጥብና ለእንቁራሪቶችና ለስደተኛ አዕዋፍ ወሳኝ የሆነ ቦታ ከመዝገቡ ሊወጣ አይገባም። ሆኖም ይህ ልዩነት በመግቢያው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ካርታው ያልታሰበበት የሕግ ክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

የኮዋርዲን ምደባ

በአገሪቱ በስፋት የሚሠራበት ሥርዓት ሉዊስ ኮዋርዲንና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1979 ያቀረቡት ነው። በ1996 የፌዴራል መለኪያ ሆኖ ጸድቋል፣ በ2013ም ተሻሽሏል። አደረጃጀቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፦ በመጀመሪያ የባሕር፣ የወንዝ አፍ፣ የወንዝ፣ የሐይቅና የረግረግ ተብለው አምስት ዐበይት ምድቦች ይለያሉ፤ ከዚያ በኋላ ቦታው በደን፣ በቁጥቋጦ፣ ከውሃ በላይ በሚወጡ እንደ ቄጠማና ፊላ ባሉ ዕፅዋት ወይም በባዶ ደለል የተሸፈነ መሆኑ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም ውሃው የሚቆይበት ጊዜና የሰው ወይም የእንስሳ ጣልቃ ገብነት በተጨማሪ ምልክት ይገለጻል። ለምሳሌ ፒኢኤም1ሲ የሚለው ኮድ በረግረግ ምድብ ውስጥ ያለ፣ ግንዳቸው እስከ ቀጣዩ የዕድገት ወቅት ቆሞ በሚቆይ ዕፅዋት የተሸፈነና በየወቅቱ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ማለት ነው። ቢቨር የተባለው እንስሳ በሠራው ግድብ የተፈጠረ፣ በቁፋሮ የተገኘ፣ በግድብ የተከተረ ወይም በቦይ በከፊል የተጠነፈፈ ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱ ፊደል ይጨመራል።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥቅም መረጃው አስቀድሞ መኖሩ ነው። ብሔራዊው የረግረጋማ መሬት ቆጠራ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ በ2014 የ48ቱ ክፍለ ግዛቶች ካርታ በዲጂታል መልክ ተሟልቷል። ማንም ክፍለ ግዛት ከባዶ አይነሣም፤ ከጎረቤቱ ጋርም በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል። አብዛኛው ምደባ ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ሊሠራ መቻሉም ሰፊ ክልልን በአጭር ጊዜ ለመሸፈን ያስችላል።

ጉድለቶቹ ግን በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። በመጀመሪያ ደረጃ ብዙው ካርታ አርጅቷል፤ በበርካታ አካባቢዎች የተሠራው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተነሡ፣ ልኬታቸው አንድ ለ80,000 ወይም አንድ ለ58,000 በሆነ ፎቶግራፎች ነው። በእንዲህ ዓይነት ፎቶግራፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ በማይረግፍ ደን ሥር ያለ ረግረግ፣ ጠባብና ረዥም የጅረት ዳር ረግረግ፣ እንዲሁም ትናንሽ ጊዜያዊ ኩሬዎች በብዛት ሳይታዩ ያልፋሉ። አሁን ያለው የፌዴራል የካርታ መለኪያ በ48ቱ ክፍለ ግዛቶች ሊያዝ የሚገባውን ዝቅተኛ ስፋት ግማሽ ኤከር፣ ማለትም 0.2 ሄክታር ያደርገዋል፤ ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ የጸደይ ኩሬዎች ግን ከዚህም ያንሳሉ፣ በውስጣቸውም ሌላ ቦታ የማይገኙ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይኖራሉ። ካርታው በአብዛኛው የሚሳሳተው የሌለውን በመጨመር ሳይሆን ያለውን በመተው ስለሆነ፣ በድሮው ካርታ ላይ ባዶ የሚታየውን መሬት ረግረግ የሌለበት አድርጎ መውሰድ ለጥበቃ አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን በአመዳደቡ ባሕርይ ውስጥ ያለ ነው። ኮዋርዲን ቦታው ምን እንደሚመስል ይናገራል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ወንዝ ሰብሮ ትቶት የሄደው አሮጌ መታጠፊያ፣ በበረዶ ቅልጥ ብቻ የሚሞላ የሜዳ ጎድጓዳ ኩሬ፣ ከመስኖ ቦይ በሚያፈስ ውሃ የተፈጠረ የእርሻ ዳር ረግረግ፣ ሦስቱም ፒኢኤም1ሲ ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። በምዕራቡ ክፍለ ግዛቶች ይህ የዘወትር ጉዳይ ነው። ቦዩ ውሃ እንዳያሰርግ በሲሚንቶ የተለበጠ ዕለት ሦስተኛው ይደርቃል፤ ከወንዙ ላይ ግድብ የተሠራ ዕለት የመጀመሪያው ጎርፉን ያጣል፤ ሁለተኛውን ሁለቱም አይነኩትም። የሚገጥማቸው አደጋና የሚያስፈልጋቸው ጥበቃ የተለያየ ሆኖ ሳለ በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ ግን አንድ ረድፍ ይሆናሉ።

ሃይድሮጂኦሞርፊክ ምደባ

ማርክ ብሪንሰን በ1993 ለጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ ያዘጋጁት፣ በውሃው እንቅስቃሴና በመሬቱ ቅርጽ ላይ የተመሠረተው ይህ ምደባ በቀጥታ ወደዚህ ክፍተት ይገባል። መሠረቱ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ቦታው በመሬቱ አቀማመጥ ውስጥ የት ይገኛል፣ ውሃው ከዝናብ ነው ወይስ ከከርሰ ምድር ወይስ ከወንዝ ጎርፍ፣ ውሃውስ በምን ኃይልና በየትኛው አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። በእነዚህ መሠረት ረግረጎች የጎድጓዳ፣ የወንዝ፣ የተዳፋት፣ የማዕድን አፈር ሜዳ፣ የበሰበሰ ተክል አፈር ሜዳ፣ የባሕር ሞገድ ዳርቻና የሐይቅ ዳርቻ ተብለው በሰባት ይከፈላሉ። ከላይ የተጠቀሱት ሦስት ቦታዎች በዚህ ሥርዓት አይደባለቁም።

ይህ ምደባ የተወለደው ለአገልግሎት ግምገማ ነው። እያንዳንዱ ክልል ንዑስ ክፍሎችን ይለያል፤ ለእያንዳንዱ ንዑስ ክፍል በአንጻራዊነት ያልተነኩ ማመሳከሪያ ቦታዎችን ይመርጣል፤ ከዚያም ሌላው ቦታ ጎርፍ በመያዝ፣ ደለልና ንጥረ ነገር በማስቀረት፣ መኖሪያ በመሆን ከማመሳከሪያው ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚደርስ ይለካል። ስለዚህ በፈቃድ የጠፋን ረግረግ በሌላ ለመተካት በሚደረግ ድርድር፣ የጠፋውና የተተካው በእርግጥ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ከኮረብታ ሥር በከርሰ ምድር ውሃ የሚመገብ የተዳፋት ረግረግን አጥፍቶ በምትኩ ኩሬ መቆፈር በኤከር ሒሳብ እኩል ቢመስልም በአገልግሎት ግን ከቶ አይገናኝም። በሮኪ ተራሮች ያሉት፣ የተክል ብስባሽ ተከማችቶ የፈጠራቸው ረግረጎች በአንድ ሺህ ዓመት የሚጨምሩት ውፍረት በአሥር ሴንቲሜትሮች የሚቆጠር ነው። እነዚህን በአንድ ሰው ዕድሜ ሊተካ የሚችል ሥራ የለምና፣ ዕቅዱ እነርሱን ከሚተኩት ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥ የለበትም።

በሌላ በኩል ሥርዓቱ ለመላው ክፍለ ግዛት ቆጠራ ብቻውን አይበቃም። የውሃውን ምንጭ ከፎቶግራፍ ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ነው፤ የክልል መመሪያዎቹ ጥቂት ንዑስ ክፍሎችን ብቻ ይሸፍናሉ፤ ስለ ዕፅዋቱ ዓይነት የሚናገረውም ውስን ነው። አንድን ብርቅዬ ወፍ የሚመለከት ዕቅድ አውጪ የጎድጓዳ ረግረግ የሚለውን ስም ይዞ ብዙ አይራመድም።

በሁለቱ መካከል ድልድይ የሆነው ራልፍ ታይነር ያዘጋጁት የገላጭ ምልክቶች ስብስብ ነው። ይህ ዘዴ ነባሩን የኮዋርዲን ካርታ ሳያፈርስ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አራት ነገሮችን ይጨምራል፦ በመልክዓ ምድሩ ውስጥ ያለበትን ስፍራ፣ የመሬቱን ቅርጽ፣ ውሃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን መንገድ፣ የውሃ አካሉንም ዓይነት። የከፍታ መረጃና የጅረቶች ካርታ ካለ አብዛኛው ሥራ በቢሮ ሊከናወን ይችላል፤ ላይዳር የተባለው በሌዘር የሚለካ የከፍታ መረጃ በተስፋፋበት በዚህ ዘመንም ከቀድሞው በጣም ቀሏል። ከዚህ ተነሥቶ የትኞቹ ረግረጎች ጎርፍ እንደሚይዙ ወይም የወንዝን ውሃ እንደሚመግቡ መገመት ይቻላል። ግምት መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ በመስክ ያልተረጋገጠ የአገልግሎት ካርታ በዕቅዱ ውስጥ እንደ ልኬት ከቀረበ፣ በመጀመሪያው ጠንካራ ጥያቄ ላይ ተአማኒነቱን ያጣል። ውስን ገንዘብ ላለው ክፍለ ግዛት ግን ከአማራጮቹ ሁሉ ብዙ ውጤት በትንሽ ወጪ የሚሰጠው ይህ ይመስለኛል።

በዕፅዋት ማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ምደባ

ሦስተኛው ቤተሰብ መነሻውን ዕፅዋት ያደርጋል። ብሔራዊው የዕፅዋት ምደባ በ2008 በተሻሻለው መለኪያው ስምንት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ ከዓለም አቀፍ የአየር ጠባይ ምድቦች ጀምሮ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አብረው እስከሚበቅሉ ዝርያዎች ስብስብ ድረስ ይወርዳል። ኔቸርሰርቭ የተባለው የጥበቃ መረጃ ድርጅት በ2003 ያወጣው የሥነ ምኅዳር ሥርዓቶች ዝርዝር ደግሞ መካከለኛ ስፋት አለው፤ ዕፅዋቱን ከአፈሩ፣ ከውሃውና ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር አጣምሮ በካርታ ሊነሣ በሚችል መጠን ይሰይማቸዋል።

ይህን አማራጭ ከሌሎቹ የሚለየው ከብርቅነት ደረጃ ጋር መያያዙ ነው። ከ1974 ጀምሮ በየክፍለ ግዛቱ የተቋቋሙት የተፈጥሮ ቅርስ ፕሮግራሞች ለዝርያዎችና ለሥነ ምኅዳሮች ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ደረጃ ይሰጣሉ፤ 1 እጅግ ለመጥፋት የተቃረበውን፣ 5 ደግሞ በአስተማማኝ ሁኔታ ያለውን ያመለክታል፤ ደረጃውም በዓለም አቀፍና በክፍለ ግዛት ተለይቶ ይሰጣል። በዓለም ላይ የበዛ፣ በክፍለ ግዛቱ ግን በጥቂት ቦታ ብቻ የቀረ ረግረግ በዚህ መንገድ ይለያል። የዱር እንስሳት መርሐ ግብሩ የሚጠይቀውም በአብዛኛው ይህን ነው፤ ዝርያዎችን ከመኖሪያቸው ጋር ለማያያዝ የሥነ ምኅዳር ሥርዓት ስሞች ከኮዋርዲን ኮዶች እጅግ የተሻሉ ናቸው።

ችግሩ የካርታው ጥራት ነው። እነዚህ ካርታዎች በብዛት የሚሠሩት እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ የሳተላይት ምስል ነው። ለሰፊ ደንና ለሣር ሜዳ ይህ ይበቃል፤ ስፋቱ ሃያ ሜትር ብቻ የሆነ የጅረት ዳር አኻያ ግን በአንድ ነጥብ ውስጥ ከጎኑ ካለው ደረቅ ቁጥቋጦ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ዝቅተኛዎቹን ደረጃዎች ለመለየት ደግሞ የመስክ ናሙና የግድ ነው። በተጨማሪም ዕፅዋት በግጦሽና በመጤ ዝርያዎች በፍጥነት ስለሚለወጡ፣ ዛሬ በመጤ ሸምበቆ የተወረረ ረግረግ ቀድሞ ምን እንደነበረና ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ከስሙ አይታወቅም።

የወንዝ ዳርቻዎች፦ ብዙ ጊዜ የሚረሱት

በዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል፤ በደረቁ የምዕራብ ክፍለ ግዛቶች ከሁሉም የሚጎዳው የቆጠራ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነውና። በእነዚህ ክፍለ ግዛቶች የወንዝ ዳርቻ ከመሬቱ ስፋት ከ2 በመቶ እንደማይበልጥ በሰፊው ይነገራል፤ አብዛኞቹ የዱር እንስሳት ግን በሕይወታቸው በአንዱ ወይም በሌላው ወቅት ይገለገሉበታል። ሆኖም በኮዋርዲን ሥርዓት የወንዝ ምድብ የሚይዘው ውሃው የሚሄድበትን መተላለፊያ ብቻ ነው። በጎርፍ ሜዳው ላይ ያለው፣ ኮተንውድ የተባለው የወንዝ ዳር ዛፍ ደን የሚረጥብ ከሆነ ወደ ረግረግ ምድብ ይገባል፤ ሥሩ ከከርሰ ምድር ውሃ ቢጠጣም ገጹ ደረቅ ከሆነ ግን ረግረግ ስላልሆነ ከነጭራሹ አይመዘገብም።

ይህን ለማካካስ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ1997 ለምዕራቡ ክፍል የተለየ የወንዝ ዳርቻ የካርታ ዘዴ አውጥቶ በኋላም አሻሽሎታል። ዘዴው በሚፈስ ውሃና በቆመ ውሃ ዳር ያለውን ይለያል፤ ከዚያም ደን፣ ቁጥቋጦ ወይም ሣር መሆኑን፣ እስከ ዋናው የዛፍ ዓይነትም ድረስ ይመዘግባል። ከረግረግ ካርታው ጋር በአንድ ፎቶግራፍ፣ በአንድ ባለሙያ፣ በአንድ ጊዜ መሠራቱ ትልቅ ጥቅሙ ነው፤ በሁለቱ መካከል ክፍተትም መደራረብም አይፈጠርም።

ሁለተኛው አማራጭ ዕፅዋቱን ትቶ የሸለቆውን ወለል ይከተላል። የከፍታ መረጃንና የጎርፍ ስሌትን በመጠቀም፣ ለምሳሌ በአማካይ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርሰው ጎርፍ የሚወጣበትን ከፍታ በመውሰድ፣ ወንዙ ሊደርስበት የሚችለው መሬት ሁሉ ይካለላል። ዛሬ የታረሰ፣ በመከላከያ ግንብ ከወንዙ የተቆረጠ ወይም ዛፉ የተመነጠረ መሬት በዕፅዋት ካርታ ላይ የለም፤ በዚህኛው ላይ ግን ይታያል። መልሶ ማቋቋምን ለሚያስብ ዕቅድ ይህ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛው፣ ከጅረቱ መስመር ግራና ቀኝ የተወሰነ ሜትር ለክቶ ያንን የወንዝ ዳርቻ ማለት ነው። ቀላልና ርካሽ በመሆኑ በብዙ ቢሮዎች ይሠራበታል። ለአስተዳደር ደንብ ሊያገለግል ይችላል፤ ለቆጠራ ግን አይሆንም። በጠባብ ገደል ውስጥ ደረቅ ቋጥኝን የወንዝ ዳርቻ ያደርገዋል፤ በሰፊ ሸለቆ ደግሞ ከዋናው የኮተንውድ ደን አብዛኛውን ውጭ ይተዋል።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል አንዱን ብቻ መምረጥ ካስፈለገ፣ በምዕራቡ የዕፅዋቱን ካርታ አስቀድማለሁ፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር የወንዙ ጎርፍ የተገታ መሆኑና አለመሆኑ እንዲመዘገብ አጥብቄ አሳስባለሁ። ምክንያቱ በሞንታና በግልጽ ይታያል። ኮተንውድ የሚበቅለው ጎርፍ ጠርጎ ትቶት በሄደ፣ ፀሐይ በሚያገኘውና ርጥብ በሆነ አዲስ ደለል ላይ ነው፤ ዘሩ የሚበተነውም የጸደይ ሙላት በሚጎድልበት ወቅት ነው። የየሎውስቶን ወንዝ በዋና ግንዱ ላይ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ግድብ ስለሌለው ዛሬም ደለሉን ያንቀሳቅሳል፣ ችግኝም ይወጣል። በሚዙሪ ወንዝ ላይ በ1940 ከተጠናቀቀው የፎርት ፔክ ግድብ በታች ግን ጎርፉ ስለተገታ ወንዙ አዲስ መደብ መሥራቱ ቀንሷል፤ ቁመው የሚታዩት ትልልቅ ዛፎች በብዛት ከግድቡ በፊት የበቀሉ ናቸው። ከአየር ሲታዩ ሁለቱም የደን ወንዝ ዳርቻ ናቸው፣ አንድ ኮድም ይወስዳሉ። አንደኛው ተተኪ ያለው ደን ነው፤ ሁለተኛው አርጅቶ ሲወድቅ ተተኪ የሚያጣና ቦታውን ታማሪስክና የሩሲያ ወይራ ለተባሉ መጤ ዕፅዋት የሚለቅ ነው። የደኑን ኤከር ብቻ የሚቆጥር ዕቅድ ይህን የሚያውቀው ደኑ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

የቆዩና ለአንድ ክልል የተሠሩ ምደባዎች

በ1956 የወጣውና ሰርኩላር 39 በመባል የሚታወቀው ምደባ ረግረጎችን በ20 ዓይነት ይከፍላል፤ የተሠራው በዋነኛነት ለዳክዬና ለሌሎች የውሃ አዕዋፍ ጥበቃ ነው። ነባር ሕጎችንና መዝገቦችን ለማንበብ ማወቁ ይጠቅማል፤ አዲስ ቆጠራን በእርሱ መጀመር ግን አይመከርም።

ስቱዋርትና ካንትሩድ በ1971 ለሰሜናዊው የሣር ሜዳ ኩሬዎች ያዘጋጁት ምደባ የተለየ ነው። ዳኮታዎችን፣ ሚኒሶታን፣ አዮዋንና የሞንታናን ሰሜናዊ ክፍል በሚያካልለው በዚህ ክልል የአንድ ኩሬ ውሃ በዝናባማ ዓመት ሞልቶ በድርቅ ዓመት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ምደባው በዕለቱ በታየው ውሃ ላይ አይመሠረትም፤ በኩሬው ጥልቅ ክፍል የሚገኘውን የዕፅዋት ቀለበት አይቶ ከአንድ እስከ ሰባት ባሉት ክፍሎች ያስቀምጠዋል። በዚህ ክልል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከኮዋርዲን ጎን ሊያዝ የሚገባው ነው፤ ከክልሉ ውጭ ግን ትርጉም የለውም።

ለየትኛው ዓላማ የትኛው?

ካርታው ያረጀበትና ገንዘቡ ውስን የሆነ ክፍለ ግዛት በመጀመሪያ የኮዋርዲንን ካርታ በአዲስ ምስል ያድስ፣ በዚያው ሥራ ላይም የታይነርን ገላጭ ምልክቶች ይጨምር። በምዕራብ ከሆነ የወንዝ ዳርቻውን በዚያው ጉዞ ይሥራ፤ በኋላ እንመለስበታለን ተብሎ የተተወ የወንዝ ዳርቻ ካርታ ገንዘብ የሚያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። ዋናው ዓላማ የጠፋን ረግረግ መተካትን መቆጣጠር ከሆነ የሃይድሮጂኦሞርፊክ ንዑስ ክፍሎችን ማዘጋጀት ቅድሚያ ይሰጠው፤ ነገር ግን መላውን ክፍለ ግዛት ከመሸፈን ይልቅ ልማት በሚበረታባቸው ተፋሰሶች መጀመር ይበቃል። ዓላማው የዱር እንስሳት መርሐ ግብሩን መከለስ ከሆነ የሥነ ምኅዳር ሥርዓት ስሞች ያስፈልጋሉ፤ የረግረጎቹ ድንበር ግን ከሳተላይት ካርታው ሳይሆን ከረግረግ ቆጠራው መወሰድ አለበት።

የለውጥን መጠን ለማወቅ ደግሞ ሙሉ ካርታ ደጋግሞ መሥራት አስፈላጊ አይደለም። ብሔራዊው የረግረጋማ መሬት ለውጥ ጥናት እያንዳንዳቸው አራት ስኩዌር ማይል የሆኑ በዕጣ የተመረጡ ናሙናዎችን በተለያዩ ዓመታት በማነጻጸር ይሠራል። ክፍለ ግዛትም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ ናሙናው ግን የት እንዳለ አይናገርምና ካርታን አይተካም። የቦታዎቹን ጤንነት በተመለከተ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሚመክረው ሦስት ደረጃ ያለው አሠራር አለ፦ ከካርታ የሚደረግ አጠቃላይ ግምገማ፣ በመስክ የሚደረግ ፈጣን ግምገማ፣ በተመረጡ ጥቂት ቦታዎችም ጥልቅ ልኬት። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማረጋገጥ አይቻልም፤ በጥቂት ቦታም ቢሆን መሠራት አለበት።

ከአንዱ ምደባ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ማሻገር የሚቻለው ከዝርዝሩ ወደ ጠቅላላው ብቻ ነው። ከርሰ ምድር ውሃ የሚመግበውና በቄጠማ የተሸፈነ የተራራ ረግረግ ወደ ኮዋርዲን ኮድ በቀላሉ ይለወጣል፤ ከኮዱ ተነሥቶ ወደዚህ መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ የተመረጠው ሥርዓት የትኛውም ቢሆን፣ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የመጨረሻው ኮድ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም። የውሃው ምንጭ፣ ውሃው የሚቆይበት ወቅት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች፣ የመሬቱ አቀማመጥና የሰው ጣልቃ ገብነት ለየብቻቸው በተለያየ ዓምድ ይመዝገቡ፤ ያልታወቀውም ባዶ ከሚቀር አልታወቀም ተብሎ ይጻፍ። ከእነዚህ ጎን ለእያንዳንዱ ቦታ ምስሉ የተነሣበት ቀን፣ ዓመቱ ድርቅ ወይም ዝናባማ የነበረ መሆኑ፣ የተያዘው ዝቅተኛ ስፋትና ቦታው በመስክ ታይቶ እንደሆነ ይታከልበት። ከአሥር ዓመት በኋላ መርሐ ግብሩን የሚከልሰው ባለሙያ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የሚያየው ልዩነት ከመሬቱ ለውጥ ይሁን ከአቆጣጠሩ ለውጥ ለይቶ ማወቅ የሚችለው እነዚህ ተመዝግበው ካገኛቸው ነው።